መብራት አላችሁ ወይ?

ጉለሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ አለማየሁ
ጅቡቲ

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። እንደምን ከርመዋል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎዎታል? እናቴ የሺ፣ የቁስቋም ጎረቤቶቻችን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም ሳይቀሩ ሰላም ብለውዎታል። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

ስልክ ላይ የተነገረ ነፋስ ይወስደዋል፣ ወረቀት ግን ይቀመጣል ስለሚሉ፣ ይኸው እንደ ልማዳችን በሹፌሩ በኑሕ እጅ ጻፍኩልዎ። ከደብዳቤው ጋር አንድ መጽሐፍ አለ። እባክዎ ግሪስ በነካው እጅዎ አይግለጡት። የድርጅታችን የጮራ ኤሌክትሪክ ዓመታዊ ሪፖርት ነው፤ ሽፋኑን አይተን «አረንጓዴው መጽሐፍ» እንለዋለን። ገጽ 31ን ያውጡ። ከታች በትንንሽ ፊደል «ጥናቱን ያካሄደችው፦ ኢንጂነር ሮሃ ሐብታሙ» ይላል። አባቴ በሕይወት ቢኖር ገጹን ቀዶ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው ነበር። እርሱ ስለሌለ ለእርስዎ፣ ለአጎቱ ልጅ ላክሁት።

ጮራ እርስዎ የመስመር ፎርማን ሳሉ የሚያውቁት ጮራ አይደለም። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጤና ጣቢያዎች በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተራቸውን ጥለው የፀሐይ ኃይልና ባትሪ አስገብተዋል። ትልቁ ግባችን ግን ሌላ ነው። ጉለሌ ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ እንዲሻገር፣ የእንጦጦ ዛፍም የሴቶቻችን ሳንባም እንዲያርፍ ነው። እስካሁን 11,400 ቤት ተሻግሯል! በምን አወቃችሁ ቢሉኝ፣ ቤት ለቤት ጠይቀን ነው። የመጠይቁ ቅጽ ከረጂዎቹ የመጣው በውጭ ቋንቋ ነበር፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ዋናው ጥያቄ ቁጥር አራት ነው፦ «መብራት አላችሁ ወይ?» ቀላል፣ አጭር። ምን ማለታችሁ ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ትዝ ይልዎታል? መስመሩን ወደ ሰፈራችን ያወጡ ዕለት አቅፈው አንስተው ማብሪያውን ያስጫኑኝ እኔን ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «የአለማየሁ መብራት» ነው የሚለው። ኢንጂነር የሆንኩት ያን ቀን ነው።

በእርስዎ ፈለግ የምትራመደው፣
ሮሃ

*

ጅቡቲ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮሃ ሐብታሙ

ሰማይና ምድርን የዘረጋ አምላክ አንቺንም እናትሽንም በመዳፉ ይያዛችሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን የሚያመኝ ሥራ ስፈታ ነው።

መጽሐፉን እጄን ታጥቤ ገለጥኩት። የበረዶ ፋብሪካችን ማሽን የሚዞረው ከኢትዮጵያ በሚመጣ ኃይል መሆኑን አለቃዬ ያውቃል። ፎቶሽን አይቶ «ይህች ናት መብራቱን የምትልክልን?» አለኝ። «አዎ፣ ስታኮርፍ ትቆርጥብሃለች» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ የሚጋብዘኝ እርሱ ነው።

ገጽ 31ን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰው በልጁ ሲኮራ ደረቱ ይሰፋል የሚሉት እውነት ነው፤ ሸሚዜ ጠቦኛል። አንድ ነገር ብቻ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፤ ከቁስቋም በላይ ያለውን መንደርም ቆጥራችኋል ወይ? የሺስ አሁን ድስት የምትጥደው በምንድን ነው? ባትመልሺልኝም አልቀየምም።

ከጮራ የወጣሁት ደሞዝ ፍለጋ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ያም ሆነ ይህ አንቺ ገብተሻልና ቦታዬ ባዶ አልቀረም።

አጎትሽ አለማየሁ

*

ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አለማየሁ

እንደ ወትሮው በብዙ ሰላምታ ልጀምር ፈልጌ ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ጌታ ይጠብቅዎ፤ ይህ ይብቃ።

ያቺ «እንዲያው ለማወቅ ያህል» ያሏት ጥያቄ መጽሐፉን ሁሉ አፈረሰችው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቤት ውስጥ ነው። ዝርዝሩን ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ፈለግሁ። «ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገሩ» ከሚለው ሥር የቤት ቁጥር 412 አለ። የእኛ ቤት! ቀና ስል በራችን ላይ እንጨቱ እስከ መስኮቱ ተከምሯል።

«እማዬ፣ መብራት አላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀሽ ሰው ነበር?»

«አዎ፣ አንድ ጨዋ ልጅ መጥቶ ነበር።»

«ምን አልሽው?»

«አለን አልኩታ። የለንም ልበለው?»

«ያን ሰዓት በርቶ ነበር?»

«የለም፣ ሄዶ ነበር። ሄደ እንጂ የለም አይባልም። አባትሽ ሥራ ሲሄድ አባት የላትም ተብለሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቅኩ። ከዚያ ቅጹን አውጥቼ ጥያቄ ቁጥር አራትን እንደገና አነበብኩት። ጋሼ፣ ስህተቱ የእኔ ነው። እኛ መብራት ስንል አምፖሉም መብራት ነው፣ ኃይሉም መብራት ነው፣ ቆጣሪውም መሥሪያ ቤቱም መብራት ነው። ረጂዎቹ የጠየቁት በኤሌክትሪክ ታበስላላችሁ ወይ ብለው ነበር። እኔ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ቃል መረጥኩ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ግን በየራሱ ትርጉም ነው። አንድ አምፖል ያለው ሁሉ «አለን» አለ፣ እኛ ድስቱንም አብረን ቆጠርነው።

በማግስቱ ወደ ክፍል ኃላፊዬ ወደ አቶ መዝገቡ ሄጄ ነገርኩት።

«ሮሃ፣ ይህ ቁጥር መድረክ ላይ ተጨብጭቦለታል» አለኝ። «የተጨበጨበለት ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም።»

«እንግዲያው በጽሑፍ አቀርባለሁ።»

«አቅርቢ። ግን ቅጹን ማን እንደተረጎመው አትርሺ።»

አቀረብኩ። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። ቁጥሩ ተሳስቷል የሚል አይደለም። «በጥናቱ ላይ ለታየው የጥራት ጉድለት ተጠያቂ በመሆኗ» ወደ መጋዘን ተዛውሬያለሁ ይላል። መጽሐፉ በድጋሚ ሲታተም ከገጽ 31 ስሜ ወጥቶ የአቶ መዝገቡ ስም ገብቷል። 11,400 ግን እንዳለ አለ። ስህተቱ የእኔ፣ ቁጥሩ የእርሱ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ሽቦ የሚታሰርበትን የሸክላ ሲኒ እየቆጠርኩ ነው። አላለቀስኩም። እናቴም እንዳታለቅስ ብዬ አልነገርኳትም። ቅዳሜ ቅዳሜና እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሰፈራችንን ቤቶች እንደገና እጠይቃለሁ። አዲሱ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ «ትናንት ራታችሁ የበሰለው በምንድን ነው?» እስቲ ይህንን «አለን» ብሎ ማን ያመልጠኛል!

ሮሃ

*

ጅቡቲ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮሃ

የእውነት አምላክ የደረሰብሽን በደል ይቁጠርልሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ምሳ አልበላሁም።

ምክሬን ግን ስሚኝ። እኛ የመስመር ሠራተኞች አንድ አባባል ነበረን፤ «ምሰሶ ላይ ያለ ሰው ከታች ካለው ጋር አይሟገትም።» ገመዱን የያዘልሽ እርሱ ነው። መዝገቡ ያልፋል፣ ሹመት ያልፋል። አንቺ ወጣት ነሽ። ለጊዜው ዝም በይና ቦታሽን አስመልሺ። ሰፈሩን እንደገና መጠየቁም ይቅርብሽ። በተለይ ከቁስቋም በላይ ያለውን። ዳገቱ ከባድ ነው፣ ውሻም ይበዛል።

በኑሕ እጅ ጥቂት ቴምር ልኬአለሁ፤ ለየሺ ነው።

አለማየሁ

*

ጉለሌ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አለማየሁ

ሰላምና ጤና ይብዛልዎ። ቴምሩ ደርሷል፤ እናቴ አመስግናለች።

ምክርዎን ግን አልተቀበልኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ምሰሶ ላይ አይደለሁም፤ መጋዘን ውስጥ ነኝ። ከዚህ ወዲያ ወዴት እወድቃለሁ? ውሻውም የሰፈሬ ውሻ ነው፣ በስሙ እጠራዋለሁ።

ከቁስቋም በላይ በዝርዝሩ ያሉት 640 ቤቶች ናቸው። ሁሉንም አዳረስኳቸው። ብቻዬን አልነበርኩም፤ የዳቦ ቤቷ የእትዬ ዓሊማ ልጅ ጀና አብራኝ ዞራለች። መጀመሪያ የጠየቅነውም የእነርሱን ቤት ነው። ከኋላ ምድጃው በእንጨት እየነደደ እትዬ ዓሊማ ዱቄት በዱቄት ሆና ወጣች።

«እትዬ፣ የዛሬው ዳቦ የተጋገረው በምንድን ነው?»

«በእንጨት ነው የኔ ልጅ። ግን አንቺ መብራት አለን ብለሽ ጻፊ።»

«ለምን?»

«የለንም ካልን ያቺንም ይቆርጡብናላ!»

«እማ፣ ሮሃ እኮ ራሷ መብራት ኃይል ናት» አለች ጀና።

«እሱን ብዬ ነው እንጂ የምለምናት!»

ከ640 ቤት በኤሌክትሪክ የሚያበስለው 71 ብቻ ነው። ምድጃ ሳይገዙ ቀርተው አይደለም፤ ብዙዎቹ ገዝተው አልጋ ሥር አስገብተውታል። «ለብ ይላል እንጂ አይፈላም» ይላሉ። ለምርቃቴ የላኩልኝን የቮልት መለኪያ ይዤ በራት ሰዓት ለካሁ። 220 ሊሆን የሚገባው 148 ነው። ልጅ ሆኜ አምፖላችን ማታ ማታ ለምን ቢጫ እንደሚሆን አሁን ገባኝ።

ቀጥሎ ምሰሶዎቹን ቀና ብዬ አየሁ። የድርጅቱ ካርታ በዚህ መስመር ላይ አራት ሽቦ አለ ይላል። እኔ የማየው ሁለት ነው። ከታች እስከ ላይ አስራ ዘጠኙንም ምሰሶ በእግሬ ሄጄ ቆጠርኩ፤ ሁሉም ላይ ሁለት ነው። ኃይሉን ለመንደሩ ሁሉ የሚያካፍሉት ሁለቱ ሽቦዎች የሉም። ካሉት ከሁለቱ አንዱ መመለሻ ነው፤ ሌላው ብቻውን ሰፈሩን ሁሉ ተሸክሟል።

ጋሼ፣ መስመሩን የዘረጉት እርስዎ ነዎት። ሁለቱ ሽቦዎች የት ሄዱ?

ሮሃ

*

ጉለሌ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አለማየሁ

ጌታ ጤናዎን ይስጥዎ። ኑሕ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ባዶ እጁን መጣ። «ሰውየው ደህና ነው፤ ደብዳቤሽን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል» አለኝ።

መጋዘን መላክ ጥቅም አለው፤ የድሮ ወረቀት ሁሉ እዚህ ነው ያለው። የመስመሩን የርክክብ ሰነድ አገኘሁት። «አራት ሽቦ ተዘርግቶ ተጠናቋል፤ ሰኔ 30 ቀን 2000 ዓ.ም.» ይላል። ፊርማውን አውቀዋለሁ። የልደት ካርዶቼ ላይ ሁሉ አለ።

ለማንም አላሳየሁም። ሚያዝያ 20 ስለ ዘንድሮው ግብ ስብሰባ አለ፤ እንድገኝ አመልክቼ ተፈቅዶልኛል። ስለ 640ው ቤት እናገራለሁ። ሽቦው ሁለት ነው እላለሁ። ማን ፈረመ ብለው ከጠየቁኝ አልዋሽም። ግን ከእኔ አፍ ከሚወጣ ከእርስዎ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ማብሪያውን ያስጫኑኝ እጅ ይጻፍልኝ።

ሮሃ

*

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮሃ

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አምላክ ለአምስተኛው አቅም ይስጠኝ።

ለዚያ መስመር የተመደበው ሽቦ ግማሹ በመንገድ ላይ ለሌላ ሥራ ዞረ። ለማን እንደሆነ አልተነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የጊዜው አለቃዬ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። «አለማየሁ፣ በጀቱ ዛሬ ይዘጋል። አራት ብለህ ፈርም፤ የቀረው ሽቦ ሐምሌ ላይ ይመጣል» አለኝ። ፈረምኩ። የየትኛው ዓመት ሐምሌ እንደሆነ አልነገረኝም።

ያኔ ሰፈሩ ወጥቶ ይጠብቀኝ ነበር። እልልታው ጆሮዬን ደፈነው። አንቺን ያነሳሁሽ ሰው ፊቴን እንዳያየው ነው። እውነቱ ይህ ነው ልጄ፤ ጀርባሽን ጋሻ አደረግሁት።

ሐምሌ መጥቶ አለፈ፣ ዓመቱም መጥቶ አለፈ። እናትሽ በየቅዳሜው ከእንጦጦ ከሚወርዱት ሴቶች እንጨት ትገዛለች፤ እኔን ስታይ ደግሞ «መብራት ያመጣህልን ጌታ ይባርክህ» ትለኛለች። ከጮራ ያስወጣኝ ደሞዝ አይደለም። ያ ምርቃት ነው።

ለምርቃትሽ ሰዓት መላክ እችል ነበር፣ ሽቶ መላክ እችል ነበር። የቮልት መለኪያ ላክሁልሽ። ሰው የሚፈራውን ነገር በገዛ እጁ እንደሚልክ ያየሁት በራሴ ነው።

በፖስታው ውስጥ ሁለተኛ ወረቀት አለ። ለድርጅቱ የተጻፈ ነው፤ ቀንና ፊርማ አለው። ስጪያቸው። ስሜን አትሸፍኚ። ዝም በይ ብዬ የመከርኩሽን ደግሞ ቅደጂው።

አለማየሁ

*

ጉለሌ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ እጅግ ለምኮራብዎ ለጋሼ አለማየሁ

እውነትን የሚወድ ጌታ ዕድሜዎን ያርዝመው። ቀኑን ያስተዋሉት ይመስለኛል። ዛሬ ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ሆን ብዬ ጠብቄ ነው የጻፍኩት።

ከስብሰባው ልጀምር። ወንበሩን የያዘችው ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነበረች፤ አዲሷ ምክትል ሥራ አስኪያጅ። 71 ከ640 ስል አቶ መዝገቡ ተነሣ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ያንን ጥያቄ የጻፈችው ራሷ ናት እኮ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ለዚህ ነው ስህተቱ የት እንዳለ የማውቀው።»

ከዚያ ወረቀትዎን አነበብኩ። ፊርማዎ ላይ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ዝቅ አለ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ መነጽሯን አወለቀችና «እስቲ እኛስ? ትናንት ራታችሁ የበሰለው በምንድን ነው?» ብላ ጠረጴዛውን ዞረች። ዘጠኝ ሰው ነበርን። ሦስቱ «በከሰል» አሉ። አቶ መዝገቡ ተራው ሲደርስ ወደ መስኮቱ እያየ ነበር።

«አቶ መዝገቡ?»

«እ... ማለቴ፣ ሠራተኛዋ ናት የምታውቀው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ በኋላ ጉለሌ በሙሉ በአዲሱ ጥያቄ እንደገና እንዲቆጠር ተወሰነ።

ውጤቱ 6,130 ቤት ነው። ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ጋሼ፣ በ11,400 ኮርቼ ነበር፤ በዚህኛው ግን የምኮራው በሌላ ዓይነት ነው። ይህ ቁጥር ውስጥ ቢገቡ በየቤቱ የሚፈላ ድስት ያገኛሉ። ጮራም አልሸሸገውም፤ መጽሐፉን አርሞ አሳትሞ ለረጂዎቹ ላከ። እነርሱም ሌሎች ድርጅቶች በአዲሱ ጥያቄ እንዲጠቀሙ እንልካለን ብለው ጻፉ። ስሜ ገጽ 31 ላይ ተመልሷል። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «በመጀመሪያው እትም ጥያቄ ቁጥር አራት የተሳሳተው በዚህችው አዘጋጅ ነው።» ተዪው ብለውኝ ነበር። አልተውኩትም። አቶ መዝገቡ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ሰላም የሚለኝ ከራሴ በላይ ያለውን አየር እያየ ነው። እኔም አልጠበቅሁም።

ግንቦት ላይ ሽቦው መጣ። ወደ ቦታዬ ከመመለሴ በፊት የመጨረሻ የመጋዘን ሥራዬ ይህ ነበር፤ የቆጠርኳቸውን ሲኒዎች እኔው ፈርሜ አወጣሁ። ሽቦው ተዘርግቶ ሲያልቅ በራት ሰዓት ለካሁ፤ 218። ምድጃዎቹ ከአልጋ ሥር ወጡ። ከ640ው እስከ ትናንት ድረስ 302ቱ በኤሌክትሪክ ማብሰል ጀምረዋል። እትዬ ዓሊማ አንዱን የዳቦ ምድጃ ቀይራለች፤ አንድ ረድፍ እንጨት ግን አስቀርታለች። «እስክተማመን ነው» ትላለች። አልነቀፍኳትም፤ አስራ ሰባት ዓመት አታልለናታል።

ስለ እርስዎ ድርጅቱ የጻፈው ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ቅጣት የለበትም፤ ምስክርነትዎ ከመስመሩ ሰነድ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። እንዳሉት ወረቀት ይቀመጣል። ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ከትፋ ድስቱ ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ምን እንዳለች ቃል በቃል ልጻፍልዎ።

«ሁለቱን ሽቦ እርሱ ዘረጋ። ሁለቱ ደግሞ እርሱ ባይናገር አይዘረጉም ነበር። እንግዲህ አራቱም የእርሱ ናቸው።»

ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ ቅጽ የያዘ አንድ ልጅ መጥቶ ነበር፤ ለሌላ ጉዳይ ነው። ሰፈሩን እየዞረ «መብራት አላችሁ ወይ?» ይላል። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«የትኛውን ነው የምትለኝ ልጄ? የአምፖሉን ነው የድስቱን?»

ልጁ ግራ ተጋባ፤ ቅጹ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ ነበረችው። አሁን ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመልሰው። ለአንዱ ቃል ሁለት ስም ወጥቶለታል።

ዛሬ ጠዋት የርክክቡ ቀን ነበር። ፎርማኑ ሰነዱን ዘርግቶ «ኢንጂነር፣ በጀቱ ዛሬ ይዘጋል፤ ቶሎ ፈርሚልን» አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩትና ዳገቱን ወጣሁ። አስራ ዘጠኙን ምሰሶ ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ ቀና እያልኩ ቆጠርኩ። ፎርማኑ እያለከለከ ከኋላዬ መጣ። የፈረምኩት የመጨረሻው ምሰሶ ሥር፣ የእናቴ በር ላይ ሆኜ ነው።

አራት ነው፣ ጋሼ። መጥተው ይቁጠሩት።

ማብሪያውን የጫነችው፣
ሮሃ ሐብታሙ